ብሮውዘርን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተካክሎ መጠቀም
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ፣ ደብረ ታቦር



የዛሬው ርእሳችን ከማዳበሪያና ከዘር ትንሽ ወጣ ያለ ይመስላል። የምንነጋገረው በኪሳችሁ ስላለው ተች ስልክ፣ በተለይም ኢንተርኔት ስለምንከፍትበት ብሮውዘር ስለሚባለው አፕ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ምክንያቱን ላስረዳ።

እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች ናችሁ። በስልካችሁ ያነበባችሁት እናንተ ዘንድ አይቀርም። በልማት ቡድን ስትሰበሰቡ፣ ገበያ ስትውሉ፣ በሰንበቴና በዕድር ስትገናኙ ይነገራል። ጎረቤት «እሱ ካለ» ወይም «እሷ ካለች» ብሎ ይዘራል፣ ይረጫል፣ ይገዛል። ትክክለኛ መረጃ ከሆነ ለሃያ ቤት ይተርፋል፤ የተሳሳተ ከሆነም ለሃያ ቤት ይተርፋል። ስለዚህ መረጃው የሚገባበትን በር ገና ከመጀመሪያው ቀን አስተካክሎ መያዝ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ስልኩ እስኪቀየር ድረስ ያገለግላል። ስልካችሁን አውጡና አብረን እንሂድ።

ብሮውዘር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችሁ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ትጠቀማላችሁ። እነዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግቢ ናቸው፤ በአንዱ ገብታችሁ የሌላውን አታዩም። ብሮውዘር ግን የትኛውንም ግቢ የሚከፍት በር ነው። የግብርና ሚኒስቴርን ገጽ፣ የሜትዎሮሎጂ ትንበያን፣ የምርምር ማዕከላትን ጽሑፍ የምናገኘው በእሱ ነው።

በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ክሮም የሚባለው ብሮውዘር ተጭኖ ይመጣል። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ክብ ሆኖ መሐሉ ሰማያዊ ነው። ሌላው በአገራችን የታወቀው ኦፔራ ሚኒ ነው። ኦፔራ ሚኒ ገጹን መጀመሪያ በራሱ ማሽን ላይ አጭቆ ስለሚልክ ኔትወርክ ሲደክም ይፈጥናል፣ ዳታም ይቆጥባል። ነገር ግን ገጹ በሌላ ማሽን በኩል ስለሚያልፍ ገንዘብ ወይም የይለፍ ቃል ላለበት ጉዳይ አንጠቀምበትም። ለዋናው ሥራ ክሮምን እንያዝ፤ ኦፔራ ሚኒን ኔትወርክ በደከመ ጊዜ ለንባብ እናስቀምጠው።

አንደኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ማስተካከል

ይህ ከብሮውዘሩ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን በየቀበሌው ስንዞር ከምናያቸው ችግሮች አንዱ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። አንዳንድ ሰው ስልኩን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ዓመቱን 2017 ብሎ ያስገባል፤ ሰዓቱንም እኩለ ቀን ላይ 6፡00 ያደርገዋል። ለራሱ ለማየት ይመቸዋል። ኢንተርኔት ሲከፍት ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ወይም «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። «ኔትወርኩ ተበላሸ» ይላል፤ ስልኩን ወደ ጠጋኝ ይወስዳል፤ ገንዘብ ይከፍላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ እንደ መታወቂያ ያለ ሰነድ አለው። በሰነዱ ላይ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል። ሚያዝያ 2017 በእኛ ማለት በፈረንጆቹ 2025 ነው። ስልኩ 2017 ላይ ቆሞ በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ሲያይ «ይህ ሰነድ ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ስልኩም፣ ኔትወርኩም ጤነኛ ናቸው፤ የተዛባው ቀኑ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ስልኩ ሴቲንግ ግቡ፤ ቀንና ሰዓት የሚለውን ፈልጉ፤ «በራሱ ይስተካከል» የሚለውን አብሩ። የሰዓት ክልሉ የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን ተመልከቱ። የእኛን ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ለብቻው ይጫን። በዓልና ጾም ከእሱ ይታያል፤ ስልኩ ግን በራሱ ሰዓት ይሂድ።

ማስጠንቀቂያው ቀኑ ከተስተካከለ በኋላም ከመጣ አትለፉት። ያን ጊዜ ችግሩ ከገጹ ሊሆን ይችላልና ዝጉት።

ሁለተኛ፦ ማደስ

ብሮውዘር እንደ ዘር ነው፤ ያረጀው በሽታ አይቋቋምም። አጭበርባሪዎች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች በየጊዜው ይገኛሉ፤ ሠሪዎቹም ይደፍኗቸዋል። የተደፈነው የሚደርሰን ስናድስ ብቻ ነው። ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ ክሮምን ፈልጉ፤ «አዘምን» ወይም «አፕዴት» የሚል ካለ ንኩት።

ማደስ ዳታ ስለሚፈጅ በፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውን ምረጡ። ከተማ ስትመጡ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ላይ ይታደሳል። ክሮምንም ሆነ ሌላ አፕ ከፕሌይ ስቶር ውጭ፣ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል አትጫኑ።

ሦስተኛ፦ ቋንቋና የፊደል መጠን

ክሮምን ክፈቱ። በላይኛው ጥግ ሦስት ነጥቦች ተደርድረው ታያላችሁ። እነሱን ስትነኩ ዝርዝር ይወጣል፤ ወደ ታች ወርዳችሁ «ሴቲንግስ» የሚለውን ግቡ። በውስጡ «ላንጉጅስ» የሚል አለ። እዚያ አማርኛን ምረጡ። ክሮም ሲዘጋና ሲከፈት ዝርዝሩ በአማርኛ ይሆናል። ሴቲንግስ «ቅንብሮች»፣ ላንጉጅስ «ቋንቋዎች» ተብሎ ይነበባል። እንደ ስልኩ ዕድሜ ስሙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ቦታው ግን ይኸው ነው።

ፊደል የሚያንስባችሁ አባቶችና እናቶች በዚሁ በቅንብሮች ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ግቡ። የፊደሉን መጠን ማሳደጊያ አለው። መነጽር ፍለጋ ከመሮጥ ይህን መጀመሪያ ሞክሩ።

መጻፍ ለሚከብደው ደግሞ በመፈለጊያው ሣጥን አጠገብ የማይክሮፎን ምልክት አለ። ጉግል የአማርኛን ንግግር ወደ ጽሑፍ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። «የድንች በሽታ መከላከያ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ጽፎ ይፈልግላችኋል። የተሳሳተ ቃል ካስገባ አርሙት።

አራተኛ፦ ዳታ እንዳይባክን

ፓኬጅ የሚገዛው በገንዘብ ነው። ብዙ ሰው «ሳልጠቀምበት አለቀ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የበላው ያልተጠየቀ ነገር ነው። አራት ቦታ እንዝጋ።

አንድ፦ ክሮም ሲከፈት ከመፈለጊያው በታች ዜናና ፎቶ እየደረደረ ያመጣል። በዝርዝሩ ራስ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት ንኩና አጥፉት።

ሁለት፦ በቅንብሮች ውስጥ «ግላዊነት እና ደህንነት» የሚለውን ግቡ። ክሮም ገና ያልነካናቸውን ገጾች አስቀድሞ የሚያመጣበት ምርጫ አለ። እንዳያመጣ አድርጉት።

ሦስት፦ በስልኩ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ፣ በኔትወርክ ሥር፣ ዳታ ቆጣቢ የሚባል አለ። ይህ ሲበራ ከኋላ ተደብቀው ዳታ የሚጠቀሙ አፖችን ይገታል።

አራት፦ ቪዲዮ ከሁሉም በላይ ዳታ ይበላል። ስለ አንድ ነገር ጽሑፍም ቪዲዮም ካገኛችሁ መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ። ቪዲዮ ማየት ግድ ከሆነ ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ።

የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ፓኬጅ በ*999# መግዛት፣ የቀረውን ሒሳብ በ*804# ማየት ትችላላችሁ። ፓኬጅ ሳይኖር ዳታ ማብራት ከዋናው ሒሳብ ስለሚቆርጥ በጣም ያከስራል። ሥራ ስትጨርሱ ዳታውን አጥፉ።

አምስተኛ፦ «ፍቀድ» የሚለውን አለመንካት

አዲስ ገጽ ስትከፍቱ አንዳንዴ «ይህ ገጽ ማሳወቂያ ሊልክልዎት ይፈልጋል» ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ «ፍቀድ» እና «አግድ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሰው ገጹን ለማየት ሲቸኩል «ፍቀድ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሌሊትና ቀን «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «ስልክዎ ቫይረስ አለበት»፣ «ብድር ተፈቅዶልዎታል» እያለ ይጮኻል። ይህ ሁሉ ወጥመድ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው አስቀድመን እንዝጋው። በቅንብሮች ውስጥ «የጣቢያ ቅንብሮች» የሚለውን ክፈቱ፤ «ማሳወቂያዎች» የሚለውን አጥፉ። ከዚያው ሳትወጡ አካባቢን፣ ካሜራንና ማይክሮፎንን ተመልከቱ። «መጀመሪያ ጠይቅ» በሚለው ላይ መሆን አለባቸው። ለአየር ትንበያ ገጽ አካባቢያችሁን መፍቀድ ምክንያት አለው። ለሽልማት ገጽ ግን ምንም ምክንያት የለውም።

ስድስተኛ፦ የይለፍ ቃልና ገንዘብ

ክሮም የይለፍ ቃል ስታስገቡ «ላስቀምጥልዎት?» ይላል። ስልኩ የእናንተ ብቻ ከሆነና መቆለፊያ ካለው ማስቀመጥ ይቻላል። ልጆችም፣ ጎረቤትም የሚጠቀሙበት ስልክ ከሆነ «አይሆንም» በሉት። በሰው ስልክ ወይም በሱቅ ኮምፒውተር የገባችሁበት ነገር ካለ ደግሞ ሳትወጡ አትነሡ። ከሁሉ በፊት ግን የስልኩን መቆለፊያ አድርጉ። መቆለፊያ የሌለው ስልክ ላይ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ መዝጊያ በሌለው ቤት ቁልፍ እንደ መያዝ ነው።

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችሁም ትጠቀሙበታላችሁ። በቴሌብር የምትሠሩት በራሱ አፕ ወይም በ*127# ይሁን። በመልእክት የተላከላችሁን ማያያዣ ነክታችሁ በተከፈተ ገጽ ላይ የምሥጢር ቁጥራችሁን ፈጽሞ አታስገቡ። ገጹ መልኩና ቀለሙ ቁርጥ የትክክለኛውን ሊመስል ይችላል። መልክ መኮረጅ ቀላል ነው። የማይኮረጀው ከላይ የሚታየው አድራሻ ነው፤ ስለዚህ ዐይናችሁ ወደ አድራሻው ይሂድ።

የመንግሥት ተቋማት አድራሻ መጨረሻው «ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መጀመሪያው እዝባር ድረስ ሌላ ቃል ከተቀጠለበት፣ ወይም «ጎቭ» መሐል ላይ ተወሽቆ መጨረሻው ሌላ ከሆነ ተጠራጠሩ። የቁልፍ ምልክት ስላያችሁ ብቻም አትመኑ። ቁልፉ የሚለው «በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አያነበውም» ነው። የገጹ ባለቤት ሐቀኛ ስለ መሆኑ ምንም አይናገርም።

በግብርናችን ላይ የሚመጣውን ወጥመድ ለይቼ ላንሣ። «ማዳበሪያ በቅናሽ፣ ቅድሚያ ይክፈሉ»፣ «ምርጥ ዘር ቤትዎ ድረስ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ወይም ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሂዱ። ቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብ ሲጠፋ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የዘር ወቅቱም አብሮ ያልፋል።

ሰባተኛ፦ የሚያስፈልጉንን ገጾች ማስቀመጥ

እንደ ጉና ዙሪያ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ኔትወርክ የሚገኘው እዚህ ኮረብታ ላይ፣ እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ማሳ ላይ ቆሞ ገጽ እስኪከፈት መጠበቅ አያዋጣም። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርደን እንሂድ።

ገጹን ከከፈታችሁ በኋላ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ። ከዝርዝሩ በላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ። እሱን ስትነኩ ገጹ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። በኋላ «ውርዶች» ከሚለው ውስጥ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። ከቀስቱ አጠገብ ያለው ኮከብ ደግሞ አድራሻውን ያስታውስላችኋል፤ «ዕልባት» ይባላል። በየጊዜው የሚለዋወጠውን ትንበያ በኮከብ፣ የማይለዋወጠውን የአዘራር መመሪያ በቀስት ያዙ።

ዛሬ ሁላችንም የምናስቀምጣቸው ገጾች ሦስት ናቸው፦ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ሚኒስቴርና የክልላችን ግብርና ቢሮ። በዋናው አዳራሽ ያሉት ባለሙያዎች አድራሻውን ከእናንተ ጋር ሆነው ያስገባሉ።

ያገኘነውን እንዴት እንመዝነው?

በሩ ተስተካከለ። አሁን በበሩ የሚገባውን እንመርምር። በምሳሌ ልሂድ።

አንድ የፋርጣ አርሶ አደር በሐምሌ ዝናብ የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ አየ እንበል። ይህ የድንች መጨረሻ ምች ሊሆን ይችላል። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ በጥቂት ቀናት ማሳ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድን በረሃብ የመታው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ አርሶ አደሩ ቢቸኩል እውነቱን ነው። ክሮምን ከፍቶ ይፈልጋል፤ አንድ የውጭ አገር ገጽ ያገኛል፤ በአማርኛ ያስተረጉመዋል። ከመርጨቱ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ።

የት? ገጹ የየትኛው አገር ነው? የተጠቀሰው ኬሚካል በአገራችን ላይመዘገብ ይችላል። ለአየር ትንበያም እንዲሁ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ለወረታ የወጣ ትንበያ በጉና ሥር ለሚዘራ ገብስ ስለ ውርጭ አይነግረውም። ትንበያ ስትፈልጉ የወረዳችሁን ስም አስገቡ።

መቼ? ገጹ የተጻፈበትን ቀን ተመልከቱ። ያለፈው ዓመት የዋግ ማስጠንቀቂያ ዛሬ እንደ አዲስ ሲዘዋወር ይገኛል። የፈረንጅ ቀን መሆኑንም አትርሱ።

በምን መለኪያ? የውጭ ገጾች በኤከርና በፓውንድ ይጽፋሉ። 1 ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው፤ 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እኛ ደግሞ ማሳችንን በጥማድ እንቆጥራለን። ለኤከር የተጻፈውን ለሄክታር ብሎ የወሰደ ሰው የሚረጨው ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ነው። ለኤከር የተጻፈውን ለአንድ ጥማድ ያደረገ ደግሞ ከልክ በላይ ያበዛል። ቁጥሩን ሳትቀይሩ በፊት መያዣ አትክፈቱ።

በምን ቃል? ጉግል አማርኛን መተርጎም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ለጠቅላላ ንባብ ይጠቅማል። የግብርና ቃል ላይ ግን ይስታል። የስንዴ ዋግ በእንግሊዝኛ ከብረት ዝገት ጋር አንድ ቃል ስለሆነ «የስንዴ ዝገት» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ቃል ስታዩ ቁጥሩም፣ መመሪያውም ሊስት እንደሚችል ቁጠሩ።

ከአራቱ አንዱ ካልተመለሰ አትርጩ። ቅጠሉን ይዛችሁ ወይም ፎቶ አንሥታችሁ ለቀበሌው ባለሙያ አሳዩ። ባለሙያው ራቅ ካለ 8028 ደውሉ። ይህ የግብርና መረጃ መስመር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በአማርኛም ይሠራል፤ ጥሪው ነጻ ነው፤ ዳታም ተች ስልክም አይፈልግም። ኢንተርኔት ጥያቄያችንን ያሰላልናል እንጂ ማሳችንን አያየውም።

ከአዳራሹ ሳንወጣ

አሁን ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ ስልክ የሌለው ካለው ጋር ይቀመጥ። እያንዳንዱ ስልክ ላይ እነዚህን እንይ፦ ቀኑ በራሱ ይስተካከላል? ክሮም ታድሷል? ዝርዝሩ በአማርኛ ነው? የዜና ዝርዝሩና ዳታ የሚፈጀው ተዘግቷል? ማሳወቂያ ጠፍቷል? መቆለፊያ አለው? ሦስቱ ገጾች ተቀምጠዋል? ሰባቱም «አዎ» ካልሆኑ እጃችሁን አንሡ፤ እንመጣለን።

ሴት አርሶ አደሮችን ለይቼ አንድ ነገር ላሳስብ። በብዙ ቤት ስልኩ ያለው በባል እጅ ነው፤ ዶሮውን፣ ጓሮውንና የዘር መረጣውን የምትይዘው ግን እናት ናት። ቤት ስትደርሱ ይህን ወረቀት ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡት። ስልኩ አንድ ቢሆንም ሁለታችሁም መክፈትና መፈለግ ቻሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ እያንዳንዳችሁ በልማት ቡድናችሁ ውስጥ ተች ስልክ ላላቸው ይህንኑ አሳዩ። መጀመሪያ ቀኑን እዩላቸው። ብዙ «የተበላሸ» ስልክ እዚያው እንደሚድን ታያላችሁ። ከዚያም የምትነግሯቸው መረጃ ሁሉ ከየት እንደ መጣ አብራችሁ ንገሯቸው፦ «ከዚህ ገጽ፣ በዚህ ቀን» ብላችሁ። ጎረቤት «እሱ ካለ» ማለቱን ትቶ «የት አየኸው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ሥልጠናው የሠራው ያን ጊዜ ነው።